ራሱና እግሩ ያልታወቀ ጨርቅ

ከማስተማር ልምምድ የተመለሱት ቡድኖች በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ጽፈዋል። እኛም ያንኑ ልንጽፍ ተሰብስበን ነበር። ነገር ግን ብዕር ስናነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እሱም የ43 ቦርሳዎች ጣጣ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ወሬውን ከየትም ሰምተው «ልብስ ሰፊዎቹ» እያሉ ስለሚጠሩን፣ ነገሩ እንደነበረ ቢታወቅ ይሻላል ብለናል።

አምስት ሆነን የተመደብነው ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነን። አገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ከወረታ ከተማ ወጣ ሲሉ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሩዙ ቆሞ ይታያል። እኛ የደረስነው በኅዳር መጨረሻ፣ ሩዙ ታጭዶ በየአውድማው ሲከመር ነው። ሩዝ ለፎገራ የጥንት እህል አይደለም፤ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ካስለመዱት ወዲህ የመጣ ነው። ዛሬ ግን የልጁ ደብተር መያዣ ሳይቀር የሩዝ ጆንያ ሆኗል።

ይህንን የምንለው ለቀልድ አይደለም። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቻችን 43 ነበሩ። ደብተራቸውን የሚይዙት በፌስታል ወይም ከጆንያ ተቆርጦ በሲባጎ በታሰረ ከረጢት ነው፤ አንዳንዱም በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። በብብት የሚመጣ ደብተር በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠርዙ ተጠቅልሎ ጎመን ይመስላል። ፊደል ጽፈንላቸው ይሄዳሉ፤ በማግሥቱ ገጹ የለም። «የት ሄደ?» ስንል «ፌስታሉ ተቀደደ፣ መምህር» ይሉናል። ስለዚህ ገና ሲደርስ ለእያንዳንዳቸው በእጃችን የሰፋነውን የደብተር ቦርሳ እንስጣቸው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ማን እንዳነሣው ዛሬ አንናገርም። ያን ጊዜ ሁላችንም የኔ ነው ስንል ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳቡ ባለቤት ጠፋለት።

ሥራ ስንከፋፈል ከመካከላችን ወንዶች የሆንነው ያለ ምንም ማመንታት ስፌቱን ለሁለቱ እኅቶቻችን ሰጠን፤ ለራሳችን «ማስተባበሩን» ያዝን። ከእብናት የመጣችው ጓደኛችን ግን «ወረታ ላይ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋው ማነው? ወንድ አይደለም እንዴ? ገንዘብ ሲያመጣ የወንድ፣ እንዲያው ሲያደክም የሴት የሚሆን ሙያ እኛ አናውቅም» አለችን። መልስ ስላልነበረን አምስታችንም መርፌ ያዝን።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር የጨርቁ ዓይነት ነበር። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ቢሳሳቱበትም አያሳብቅም። ነገር ግን ነጭ ነው፣ የፎገራ ጥቁር አፈር ደግሞ ለነጭ ነገር አይራራም። ከዚያም በላይ «ለበዓል አቡጀዲ መስጠት ከፈን መስጠት ነው» ያለ ከመካከላችን ስለነበረ አቡጀዲ ወደቀ። ቺት ይገዛ ተባለ። ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን ወረታ ገበያ ሄድንና ከሩቅ የሚጣራ ጨርቅ መረጥን። መደቡ ቢጫ ነው፤ በላዩ ላይ እንደ ሳህን የሰፉ ቀያይ አበቦች አሉ። እያንዳንዱ አበባ ከነአገዳውና ከነቅጠሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ይህ «ቀጥ ብሎ የቆመ» የሚለው ነገር በኋላ ምን እንዳመጣብን ታያላችሁ።

መቀስ የተዋስናቸው ልብስ ሰፊ ጨርቁን ዘርግተው አዩና «ራሱ ወዴት ነው? እግሩስ?» ብለው ጠየቁን። ጨርቅ ራስና እግር አለው እንዴ ብለን ተሳሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲህ ልጆቼ፣ አቡጀዲ ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ባለ አበባ ግን አፉን አይዘጋም» አሉንና ወደ መኪናቸው ዞሩ። ምክር መሆኑ የገባን ከሳምንት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ከልምምድ ስንመለስ በቤተ መጻሕፍት ያገኘነውን ጥቂት ጣል ብናደርግ አንባቢ አይቀየመን። ቺት የሚለው ቃል ራሱ ከህንድ የመጣ ነው። ህንዶች በተቀረጸ እንጨት ቀለም እያነሡ ጨርቅ ላይ አበባ ማተምን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ጨርቁ አውሮፓ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ስለተሻማበት የአገሩ ሸማኔዎች ጮኹ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1686 እስከ 1759 ከለከለው፤ እንግሊዝም በ1721 እንዲሁ ሕግ አወጣችበት። ባለ አበባ ጨርቅ በሕግ ሲከለከል አስቡት! እኛም ያን ሕግ በሁለት እጃችን የምንፈርምበት ሌሊት ነበረን።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ስሌቱን የሠራነው በጥንቃቄ ነው፤ በዚህስ አንታማም። የጨርቁ ወርድ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ነው። የቦርሳው ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር፣ ለስፌት በየጎኑ አንድ ተኩል ሲጨመር 27 ይሆናል፤ ስለዚህ በወርዱ አራት ቦርሳ ይወጣል። ቁመቱ 30 ነው። ፊትና ኋላው ከአንድ ቁራጭ ከታች ታጥፎ ቢሠራ የታችኛውን ስፌት እንገላገላለን ብለን፣ ለአፉ እጥፋት በየበኩሉ 3 ጨምረን 66 አደረግነው። 11 ረድፍ በ66 ሲባዛ 7 ሜትር ከ26 ነው። የማንገቻው ሲጨመር 10 ሜትር በቂ ሆነ። የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሠልጣኙ ጓደኛችን ሦስት ጊዜ አረጋገጠው። ስሌቱ ትክክል ነበር። የረሳነው አበባውን ነው።

የቆረጥንበትን ማታ አንረሳውም። ያከራዩን እናት ቤት መደቡ ላይ ጨርቁን ዘርግተን፣ አንዱ በእጅ ስልኩ እያበራ፣ ሌላው በኖራ እያሰመረ፣ መቀሱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ 44 ቁራጭ አንድ በአንድ ወደቀ። አንድ ትርፍ መሆኑ ነው። ከሊቦ የመጣው ጓደኛችን ገና ስንጀምር «አበባውን ቆጥረን ቢሆንስ?» ብሎ ነበር። «ምኑን?» አልነው። «አይ፣ እንዲያው ነው» ብሎ ዝም አለ። በማግሥቱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ክፍል ውስጥ ስናስተምር ሁላችንም ኩራት ኩራት ብሎን ነበር።

የመጀመሪያው ቦርሳ ተሰፍቶ ያለቀው በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ገልብጠን አየነው፤ ያምራል። ከፊት በኩል ቀይዋ አበባ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከዚያ ዞር አደረግነው። ከኋላ በኩል ያሉት አበቦች በሙሉ በራሳቸው ተተክለዋል። አንድ ቁራጭ ከታች ሲታጠፍ ግማሹ ራሱ ወደ ታች መሆኑን፣ ለአቡጀዲ ምንም የማይሆነው ነገር ለቆመ አበባ ውድቀት መሆኑን ያን ጊዜ አወቅነው። ልብስ ሰፊው የጠየቁንም ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ የተስማማነው እንዳላየን ለመሆን ነው። «ልጆች ናቸው፤ ምን ያውቃሉ?» አልን። እውነቱን ለመናገር ይህንን ቃል አምስታችንም በየተራ ብለነዋል። ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ስንት ጊዜ እንደሚለው ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያከራዩን እናት ቡና ሊጠሩን ሲገቡ ቦርሳውን አነሡት።

«ይኼ ለማን ነው ልጆቼ?»

«ለተማሪዎች ነው እማማ፣ ለገና።»

«አበባውን ምነው ዘቀዘቃችሁት? ለልጅ የለቅሶ ዕቃ ይሰጣል?»

«በኋላው እኮ ነው እማማ፤ በፊቱ ቆሟል።»

«ልጅ ዕቃ አንግቶ ሲሄድ ለሰው የሚታየው የቱ ነው?»

ቡናው ቀዘቀዘብን። በአገራችን ነጠላ ለደስታ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለኀዘን ግን ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። ይህንን የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ ነገር ግን ከፋብሪካ በወጣ ቺት ላይ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል? እሳቸው እንዳሰቡት ሌላውም እናት እንደሚያስብ ግን ግልጽ ነበር። ደግሞ ከ43ቱ ተማሪዎቻችን አንዲቱ አባቷ በጥቅምት ሞቶባት ነበር። ልጅቱ በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» አትልም፤ እጇን ብቻ ታነሣለች። እናቷ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር የሚመጡት። ለዚያች ልጅ የተዘቀዘቀ አበባ በጀርባዋ አንግታ እንድትሄድ የበዓል ስጦታ ብለን ልንሰጣት ነበር።

ለእሷ ብቻ ይስተካከል ያለ ነበር። ለእሷ ብቻ ከተስተካከለ ደግሞ ከሁሉም ተለየች ማለት ነው። ከክርክሩ በኋላ ዝምታ ሆነ፤ ጨርቅም ገንዘብም አልቋል፤ የተረፈን አንድ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ናት።

በዚህ ጊዜ ከሊቦ የመጣው ጓደኛችን ቦርሳውን ከእጃችን ወሰደና ክሩን በጥርሱ በጥሶ መተርተር ጀመረ። ከታች እጥፋቱ ላይ በመቀስ ለሁለት ከፈለው፤ የኋላውን ገጽ አዞረና ከፊተኛው ጋር መልሶ ገጠመው። አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ከየበኩሉ በስፌት ይሄዳል፤ ቦርሳው 28 ተኩል ይሆናል፤ ደብተር ደግሞ 21 ገደማ ነው፤ ይበቃል። ፊትና ኋላው በቁመት አልተገናኘም፤ አንዱ አበባ ከላይ፣ አንዱ ከታች ነው። ሁለቱም ግን ቆመዋል። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። እጁ ከኛ እጅ የተለየ መሆኑን ያን ጊዜ አየን።

«ይህን የት ተማርህ?» አልነው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «አባቴ ሸማኔ ነው» አለ።

በተቋማችን የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ «ገበሬ» ብሎ እንደሞላ የነገረን ያን ማታ ነው። የቆረጥን ዕለትም ልንሳሳት መሆኑን አውቆት ነበር፤ ነገር ግን «እንዴት አወቅህ?» ብንለው የሚመልሰው ስላልነበረው ዝም አለ። በእኛና በእሱ መካከል 44 ቁራጭ ጨርቅ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያስፈራዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እኛ ምን እንደሚያስፈራው እናውቃለን። በጎንደር አገር ሽመና ለብዙ ዘመን የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤሎች ሙያ ሆኖ ሲናቅ ኖሯል። «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን ስድብ ከመካከላችን በልጅነቱ ያልተናገረው አልነበረም፤ አንዳንዶቻችን በልጅነታችን ብቻም አይደለም። ባለፈው ዓመት መኝታ ክፍል ውስጥ፣ እሱ በተኛበት፣ በቀልድ ብለነዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እኛ ክፍል ድረስ ደርሷል። ያን ማታ ይቅርታ ጠየቅነው። እሱም «ተዉት፣ መርፌ አንሡ» አለን። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ እኛም አላስጨነቅነውም።

ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጥለት ሲናገር ሌላ ሰው ሆነ። አባቱ የቀሚስ ጨርቅ ሲሸምኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለማን ነው?» ብለው ነው። ቁመቷ ስንት ነው? ጥለቱ ከታች በምን ያህል ይጀምር? የእጅጌውስ? ይህ ሁሉ ታውቆ ነው ድሩ የሚቆጠረው፤ ባለ ቀለሙ ማግ የት እንደሚገባ የሚወሰነው መቀስ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሰፊው የሚቆርጠው ሸማኔው ባሰበለት ቦታ ነው። ነጠላማ ጭራሽ አይቆረጥም። የፋብሪካ ቺት ግን ማን እንደሚለብሰው ሳይታወቅ አበባው በሜትር ይፈስበታል፤ «ለማን ነው? ወዴት ይቁም?» የሚለውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ጥያቄው መቀስ በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል። እኛ ደግሞ «ስንት ሜትር?» እንጂ «ለማን ነው?» አላልንም። በታንዛኒያና በኬንያ ሴቶች የሚለብሱት ካንጋ የተባለው ጨርቅ፣ በፋብሪካ ቢታተምም ዙሪያውን ጠርዝ፣ መሐሉን ሌላ ጥለት ተደርጎለት፣ ሳይቆረጥ እንዲለበስ ተብሎ እንደሚሠራ ያነበብነው በኋላ ነው። ለጓደኛችን ስንነግረው «አዎ፣ ያ ሥራውን ያውቃል» አለ፤ ጨርቁን እንደ ሰው አድርጎ።

የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ነጩን ጨርቅ ፋብሪካ ወሰደው፣ ጥለቱን ግን ትቶልናል ይላሉ አባቱ። እስከ ዛሬ የሚኖሩትም በጥለት ነው።

በዚያው ቅዳሜ ጓደኛችን «ኑ አንድ ቦታ ላሳያችሁ» ብሎ አውራ አምባ ወሰደን። አውራ አምባ እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፤ በዙምራ ኑሩ መሥራችነት በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመ ማኅበረሰብ ነው። የሴት ሥራ፣ የወንድ ሥራ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ኑሯቸውም በአብዛኛው በሽመና ነው። ስሙን ሁላችንም ሰምተናል፤ ሄዶ ያየ ግን ከጓደኛችን በቀር አልነበረም። በመሸመኛው ቤት ሴቶችና ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሸምናሉ። እንዝርት የያዘ ወንድ አየን፤ ማንም ዞሮ አያየውም። ጓደኛችን አስፈቅዶ አንዱ መሸመኛ ላይ ተቀመጠ። መወርወሪያውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲወረውር እኛ ቆመን አየነው። በተቋማችን ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ቀና ብሎ ተቀምጦ አይተነው አናውቅም። ሲነሣ «እዚህ እኮ ማንም አይደብቅም» አለን። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠንም።

ወደ ቁሐር ሚካኤል ስንመለስ ቀሪዎቹን 42 ቦርሳዎች በዚያው ዘዴ እናስተካክላለን ብለን ነበር። ሁለተኛው ጉድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አበቦቹ በጨርቁ ወርድ አምስት ናቸው፤ በየ22 ሴንቲ ሜትሩ አንድ። እኛ የቆረጥነው ደግሞ በየ27ቱ ነው። ስለዚህ በየረድፉ ዳር ላይ ያሉት ሁለት ቁራጮች ሙሉ አበባ ደረሳቸው፤ መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ግማሽና ሩብ ብቻ። ከ44ቱ 22ቱ ባለ ሙሉ አበባ፣ 22ቱ ባለ ስባሪ ሆኑ። ቢታቀድ እንኳ እንዲህ እኩል አይከፈልም። በአንድ ክፍል ውስጥ ለግማሹ ልጅ ሙሉ፣ ለግማሹ ስባሪ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ለማን ሙሉ ይሰጥ? ለጎበዙ? ፊት ለሚቀመጠው? እጣ ይውጣ? ከስማዳ የመጣችው ጓደኛችን «እጣ ማለት ጥፋታችንን በእግዚአብሔር ማሳበብ ነው» ብላ ተቆጣች።

መፍትሔው የመጣው ከናቅነው አቡጀዲ ነው። ተበድረን ሁለት ሜትር ገዛንና 43 ነጭ ኪስ ቆረጥን። ስባሪ አበባ ባላቸው ላይ ኪሱን ከፊት፣ ሙሉ ባላቸው ላይ ከኋላ እንድንሰፋው ተወሰነ። በየኪሱም ላይ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ክር ልንጠልፍ አሰብን። ይህም ለፊደል ትምህርት ይጠቅማል ብለን ዕቅዳችን ላይ ጻፍነው፤ ሱፐርቫይዘራችንም ወደዱት። ስም ዝርዝሩን ስናወጣ ግን 11 ልጆች ስማቸው በ«አ» የሚጀምር ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሁለት ፊደል ይሁን ተባለ። ጣታችን ተወግቶ፣ ክራችን ተወሳስቦ፣ ከእብናት የመጣችው ጓደኛችን ጠለፋ በምታስተምረን ቀን ሁሉ ስትጮህብን፣ ገና ደረሰ፤ ገና አለፈ። ቦርሳ የለም።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ማንም ምንም አላለንም፤ ለልጆቹ ቀድመን ስላልነገርናቸው ተመስገን። ያከራዩን እናት ግን በየማለዳው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያሉ ያልፉናል። የመጨረሻዎቹን ስምንት ኪሶች ፊደል ሳንጠልፍባቸው ነው የገጠምናቸው። ለምን የእነዚያ ስምንት ልጆች ስም ቀረ ብትሉን መልሱ «ደከመን» ነው። የጠለፍነው በስም ዝርዝሩ ተራ ስለነበር የቀረው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። እንደ ሁልጊዜው።

ከከተራ በፊት በነበረው የትምህርት ቀን ሰጠናቸው። ጫጫታው ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ልጅ ወዲያው የጎረቤቱን አየና «መምህር፣ የኔ አበባ ግማሿ የት ሄደች?» አለ። እኛ ምን እንደምንመልስ ስንተያይ ጎረቤቱ «ኪሱ ውስጥ ገብታ ነው» አለው። ልጁም ኪሱን ከፍቶ አየ፤ ከዚያም እጁን ከቶ ፈለገ። ፊደል ያልተጠለፈላቸው ስምንቱ ደግሞ አንድ በአንድ መጥተው «የኔስ?» አሉን። እስክርቢቶ አውጥተን ጻፍንላቸው። እስክርቢቶ ግን ጥልፍ አይደለም፤ ይህንንም እነሱ ከኛ በላይ ያውቃሉ።

አባቷ የሞተባት ልጅ ያን ቀን አልመጣችም ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ሕዝቡ ለከተራ ሲዘጋጅ ቦርሳውን ይዘን ቤታቸው ሄድን። እናቷ ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ደጅ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ተነሥተው ተቀበሉን። ቦርሳውን ሰጠናቸው። ፊቱን አዩት። ገለበጡና ኋላውን አዩት። ውስጡን እጃቸውን ከተው ስፌቱን ዳሰሱ። የልጃቸው ስም ሁለት ፊደል ላይ ጣታቸው ቆየ፤ ማንበብ እንደማይችሉ በኋላ ነው የሰማነው። ልጅቱ ከበሩ ጀርባ ቆማ ታያለች።

«ማን ሰፋው?» አሉ።

እኛ ወደ ጓደኛችን ጠቆምን።

«እጅህን ይባርከው። እናትህ ናቸው ያስተማሩህ?»

«የለም» አለ፤ «አባቴ ነው። ሸማኔ ነው።»

«ተባረክ» አሉት፤ ቦርሳውንም በልጅቱ አንገት አነገቱላት።

ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ሲጀመር ሌላ ነገር ጠበቀን። ጨርቁን ከመቁረጣችን በፊት ነክረንና አጥበን ትርፍ ቀለሙን ልናስለቅቀው፣ መሸብሸቡንም እዚያው ልንጨርሰው ይገባን ነበር፤ ያንን አላደረግንም። እናቶቹ ቦርሳውን ሲያጥቡት ቀዩ አበባ ለቀቀና ነጩን ኪስ ሁሉ ሮዝ አደረገው። አንዳንዱ ቦርሳ ጎኑ ተሰብስቦ ደብተር በግድ የሚገባበት ሆኗል። ልጆቹ ግን ሮዝ የሆነው ከነጩ ይበልጣል ባይ ናቸው፤ ያልታጠበላቸውም እጠቡልን ብለው ቤታቸው ውስጥ አስቸግረዋል አሉ። ለፋሲካ ከሌላ ቡድን ጋር ሽርጥ ለመስፋት የምታስቡ ካላችሁ ምክር አለን። ጨርቁን መጀመሪያ እጠቡት። አንድ ብቻ ቁረጡና ሰፍታችሁ እዩት። በአበባ ፈንታ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበትን ብትገዙ ደግሞ ብዙ ሌሊት ትተኛላችሁ።

አርባ አራተኛው ቁራጭ አልተስተካከለም። መጀመሪያ እንደቆረጥነው ከታች ታጥፎ፣ አንድ ጎኑ ብቻ ተሰፍቶ፣ ፊቱ ቆሞ ኋላው ተዘቅዝቆ በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። መርፌው እስካሁን እላዩ ላይ ተሰክቷል። የልብስ ሰፊውን መቀስ መልሰናል።